ካርታው መድረሻውን ይንገረን፤ መንገዱን ግን አይዝጋብን

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር በማስታወስ እንጀምር። የዕለቱ ንባብ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። መምህራችን ስለ ጉዱ ካሳ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም፣ ሰውዬው «ጉዱ» የተባለው በእርግጥ የአእምሮ ጉድለት ኖሮበት ነውን? ወይስ የአገሩ ሰው ሊሰማው ያልፈለገውን ነገር በመናገሩ ነው? የሚል ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከወትሮው ድምፃቸው የማይሰማ ተማሪዎች ሁሉ ተነሥተው ተናገሩ። ክርክሩ በሞቀበት ሰዓት ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ተነሣና «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ነገር የመውጫ ፈተናው ብሉ ፕሪንት ላይ አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። መምህራችን ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «የለም» ብለው መጽሐፉን ከደኑና ወደ ሃንድአውቱ ተመለሱ።

ይህንን አስተያየት እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ዝምታ ነው። ጠያቂው ከእኛው አንዱ ስለሆነ ልንወቅሰው አንደፍርም፤ እርሱ ቀደመን እንጂ ጥያቄው በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ነበረ። ዳሩ ግን በዚያች ደቂቃ ምን እንደጠፋብን ሳንመረምር ብናልፍ ተማሪ መባላችን ለስም ብቻ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገሮች ተጋጭተዋል። አንደኛው፣ ተመራቂ ምን ማወቅና ምን መሥራት እንዳለበት አስቀድሞ የሚዘረዝረው፣ ብቃትን መሠረት ያደረገው የሥርዓተ ትምህርት ካርታ ነው። ሁለተኛው፣ መምህር ያመነበትን የማስተማር፣ ተማሪም የከነከነውን የመጠየቅ የአካዳሚክ ነፃነት ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። በእኛ በኩል ይችላሉ ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን የሚችሉት ካርታው ወሰኑን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ካርታ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ነገሩን በቅርብ ላልተመለከቱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በአጭሩ እንግለጸው። በመጀመሪያ ከአንድ የትምህርት ክፍል የሚመረቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ሆኖ መውጣት እንዳለበት ይጻፋል። ቀጥሎ ያ ሰው ሊኖሩት የሚገቡት ብቃቶች ይዘረዘራሉ። ከዚያ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በአንድ ወገን ኮርሶቹ፣ በሌላው ወገን ብቃቶቹ ይደረደሩና የትኛው ኮርስ የትኛውን ብቃት እንደሚያስገኝ በየሣጥኑ ምልክት ይደረጋል። ምልክት ያላገኘ ብቃት ቢኖር የሚያስተምረው ኮርስ ጎድሏል ማለት ነው፤ ምልክት ያላገኘ ኮርስ ቢኖር ደግሞ ስለምን ይሰጣል ተብሎ ይጠየቃል። በመጨረሻም እያንዳንዱ የፈተና ጥያቄ ከአንዱ ሣጥን ጋር ይያያዛል።

ሐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርት ከዓላማው ተነሥቶ እንዲዘጋጅና በዓላማውም እንዲመዘን አስተማረ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 የእውቀትን ዓላማዎች ከማስታወስ ጀምሮ አመዛዝኖ እስከ መፍረድ ድረስ በ6 ደረጃ ከፈሏቸው። በአገራችን በ2005 ዓ.ም. ገደማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶቻቸውን በሞጁል እንዲያሰባስቡ ተደረገ፤ የትምህርቱም ክብደት በአውሮፓውያን የክሬዲት ሥርዓት ይለካ ጀመር። በ2012 ዓ.ም. ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርሶች ተቋቋሙ፤ ለእነዚህም ለመላው አገር የሚያገለግሉ ሞጁሎች ተዘጋጁ። ቀደም ሲል የሕግ ተማሪዎች ያውቁት የነበረው የመውጫ ፈተና ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ለሌሎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሆነ። ከመቶ 50 ያላገኘ ኮርሶቹን ሁሉ ቢያልፍም አይመረቅም።

ነገሩን በሚዛን ማየት ይገባልና በመጀመሪያ የካርታውን ወገን እንናገር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ተቀምጠው ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ውስጥ 48,632፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ውስጥ ደግሞ 12,422 ብቻ አለፉ። ከ6 የግል ተቋም ተፈታኞች አንዱ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ይህንን ቍጥር አይቶ «ነፃነት ይበቃናል፤ ካርታም ፈተናም አያስፈልገንም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ልጁን ለማስተማር ከብቱን የሸጠውን ገበሬ፣ ከደመወዟም በየወሩ እየቆረጠች የከፈለችውን እናት ረስቷል። ከወደቁት መካከል ገንዘባቸውን ከፍለው የሚገባቸውን ትምህርት ያላገኙ አያሌ እንደሚሆኑ ማሰብ አያስቸግርም።

ከዚህም በላይ፣ በመካከላችን የማናውቀው ነገር የለምና፣ አንዳንድ ጊዜ ነፃነት የስንፍና መሸሸጊያ ይሆናል። ወሩን ሙሉ ሳይመጣ ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት 200 ገጽ ሃንድአውት ለፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰጥ መምህር አለ። ከዓመት እስከ ዓመት ያንኑ ማስታወሻ የሚያነብና ሌላ መጽሐፍ ጠቅሶ የጠየቀውን ተማሪ እንደ ደፋር የሚቈጥርም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ምን ልታስተምር ቃል ገባህ? ምንስ አስተማርህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ መኖሩ ለተማሪ ጋሻ ነው። ስለዚህ ካርታውን በጅምላ ከሚያወግዙት ጋር አንቆምም።

ዳሩ ግን ችግሩ የሚጀምረው ካርታው ከመመሪያነት አልፎ አጥር ሲሆን ነው። እንዴት አጥር እንደሚሆን እንመልከት። የመውጫ ፈተናው ከተሰጡት አማራጮች መካከል ትክክለኛውን በመምረጥ የሚሠራ ነው። በዚህ ዓይነት ፈተና በቀላሉ የሚለካ ብቃት አለ፤ የማይለካም አለ። ፈተናው የማይለካው ብቃት በሠንጠረዡ ላይ ተጽፎ ቢቀመጥም በክፍል ውስጥ ግን ይረሳል። ተማሪው አይጠይቀውም፤ መምህሩም ተማሪዎቹ እንዳይወድቁበት ስለሚፈራ ያልፈዋል። እንዲህ እያለ ከብሉም 6 ደረጃዎች መካከል ታችኞቹ ይለመልማሉ፤ አመዛዝኖ መፍረድ የተባለው የላይኛው ግን ይደርቃል። ብቃትን ለማስፋት የተሣለው ካርታ ዋናውን ብቃት ይቀንሳል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ከታሪክ ትምህርት አንድ ነገር እናንሣ። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ። «በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ጠብ ያስነሣው ስንተኛው አንቀጽ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ 17ኛው ነው፤ ከአራቱ አማራጮች አንዱን ማክበብ ይበቃል። ነገር ግን መምህሩ የአማርኛውንና የኢጣልያንኛውን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አንዱ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ፈቃድን፣ ሌላው ግዴታን እንዴት ሊናገር ቻለ? ማን ተረጐመው? ማንስ ተጠቀመበት? ከአድዋ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በዚህ ምክንያት ምን ተጻጻፉ? ብሎ ሁለት ሰዓት ቢያከራክረን፣ በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ሰነድ መመርመርን እንማራለን። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ ስንት የተጣመመ ወሬ ይመጣልና ይህ ብቃት ለማንም ተመራቂ፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም ለሐኪሙም፣ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ለዚያች ሁለት ሰዓት በሠንጠረዡ ላይ ሣጥን ካልተገኘ መምህሩ «17ኛው» ብሎ ያልፋል፤ እኛም «17ኛው» ብለን እንጽፋለን።

ይልቁንም የሚያስገርመው፣ ማመዛዘንን የሚያስተምረን የአንደኛ ዓመቱ የሎጂክ ኮርስ እንኳ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሞጁል መዘጋጀቱ ነው። አንድ ሞጁል መኖሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ መጽሐፍ ለሌለው አዲስ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ እርዳታ ነው። የሚያሳዝነው ሞጁሉ የትምህርቱ መነሻ መሆኑ ቀርቶ መጨረሻው ሲሆን ነው።

አንዳንድ ሰዎች ብቃትና ነፃነት በባሕርያቸው የማይስማሙ አድርገው ይናገራሉ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ የቅኔ ቤትን መመልከት ይበቃል። የቅኔ ተማሪ 2 ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። በየደረጃው የሚፈለግበት ነገር በግልጽ የታወቀ ነው፤ የግሡ እርባታ፣ የቤቱ ምጣኔ፣ ዜማው፣ ሰሙና ወርቁ ሁሉ ሕግ አለው። ሕጉን ያፈረሰ ተማሪ በመምህሩ ፊት ይታረማል። ከዚህ የጠበቀ የብቃት ካርታ ከወዴት ይገኛል? ነገር ግን ያ ሁሉ ሕግ የሚጠበቀው ተማሪው ማንም ያልተናገረውን የራሱን ቅኔ እንዲናገር ነው። ትናንት ሌላው የተናገረውን ዛሬ ቢደግም የሚያተርፈው ኀፍረትን ነው። መምህሩ የሚነገረው ቅኔ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጥሩ ቅኔ ምን ዓይነት እንደሆነ ብቻ ነው። ደግሞም ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ ነበራቸው፤ ተማሪውም ስንቁን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። የመንገዱ መለያየት የመድረሻውን ክብር አልቀነሰም።

ይህን ስንል የቅኔ ቤት እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሊቅ ሴት መምህር ቢነሡም በሩ ለሴቶች ልጆች ጠባብ ነበር። ወደዚያ እንመለስም አላልንም። ያልነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብቃት ማለት የተሰጠን መመለስ ብቻ ሳይሆን ያልተሰጠን መፍጠርም እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁት ነበር ነው።

አሁን ወደ ነፃነቱ እንመለስ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ የከፍተኛ ትምህርት መምህራን ሥርዓተ ትምህርቱን በመወሰን ረገድ ትልቅ ድርሻ እንዲኖራቸው አሳስቧል። የአፍሪካ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 በካምፓላ ተሰብስበው ያወጡት መግለጫም የምሁራንን ነፃነትና ማኅበራዊ ኀላፊነትን በአንድ ርእስ አጣምሮ የያዘ ነው። ይህ ማጣመር ለእኛ ትምህርት ይሆነናል፤ ነፃነት የሚጠይቅ ሰው መጠየቅንም መቀበል አለበት።

ነፃነት እንዴት እንደሚጐዳ የአገራችን ታሪክ ያሳያል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናብተዋል፤ ይህ በአደባባይ የታየ ስለነበር እስከ ዛሬ ይነገራል። ዳሩ ግን መምህሩ በሥራው ላይ እያለ፣ ማንም ሳይቈጣው፣ ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍበት፣ «ብሉ ፕሪንቱ ላይ የለም» በሚል ቃል ብቻ መጽሐፉን ሲከድን ግን የሚያወራው የለም። በ2015 ዓ.ም. ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሲሆን ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ሥልጣን ከሚኒስቴር ወደ ሴኔት ቢዛወር፣ ከሴኔት ወደ ክፍላችን እስካልወረደ ድረስ በጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚለወጥ ነገር የለም።

እንግዲህ መንቀፍ ብቻውን ሥራ አይደለምና የምናስበውን በዝርዝር እናቅርብ።

አንደኛ፣ ካርታው መድረሻውን ብቻ ይጻፍ። «ተመራቂው ከዚህ በፊት ያላየውን ጽሑፍ አንብቦ በማስረጃ የተደገፈ የራሱን ፍርድ መጻፍ ይችላል» ቢል ብቃቱን በሚገባ ተናግሯል። በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ጥያቄ፣ በየትኛው አስተያየት በኩል ወደዚያ እንደሚደረስ ግን ለመምህሩና ለተማሪዎቹ ይተው።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ኮርስ ሰዓት ቢያንስ አንድ አምስተኛው ከሠንጠረዡ ጋር ሳይታሰር ይቅር። ይህ የዕረፍት ሰዓት አይደለም፤ መምህሩ የሚመራመርበትን አዲስ ነገር የሚያቀርብበት፣ ተማሪውም የከነከነውን የሚያነሣበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ ፈተናው ካርታውን ይምሰል። በማክበብ የሚሠራው ክፍል ይኑር፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ይጨመር፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ከውጤቱ ድርሻ ይኑረው። «ያን ሁሉ ወረቀት ማን ያርመዋል?» እንባል ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም የውጭ ፈታኝ መጥራት የታወቀ ልማድ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ያርም፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናሙናውን ይመርምር። ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የማይችል ተመራቂ ማውጣትም ለአገር ርካሽ አይደለም።

አራተኛ፣ ካርታው ሲሣል የሚያስተምሩት መምህራንና የሚማሩት ተማሪዎች ይኑሩበት። ተጠናቆ ከመጣ በኋላ «አስተያየት ስጡበት» መባል ከሠርጉ ማግስት እንደ መጠራት ነው። የተማሪዎች ኅብረትም በየትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ወኪል እንዲኖረን ይጠይቅ።

አምስተኛ፣ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚያስተምርና እንዴት እንደሚመዝን በጽሑፍ ይስጠን፤ ቢቀርም ያካክስ። ነፃነቱን የምናከብርለት እርሱም ሰዓታችንን ሲያከብርልን ነው።

የኢኮኖሚክስና የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን «እናንተ የአርትስ ልጆች ክርክር ትወዳላችሁ፤ እኛን ግን ቀጣሪ የሚጠይቀን ሥራ መቻላችንን ነው» ሲሉን ሰምተናል። አባባላቸው እውነት አለበት፤ ሥራ ፈትቶ በክርክር ብቻ የሚኖር የለም። ነገር ግን ዛሬ ያለው የሥራ ዓይነት ከ10 ዓመት በኋላ እንደሚኖር ማን ዋስ ይሆናል? ሠንጠረዡ የሚነግረን ሠንጠረዡ በተሣለበት ቀን የታወቀውን ነው። ድልድዩ ሲሰነጠቅ በሞጁሉ ያልተጻፈውን ምክንያት የሚፈልገው መሐንዲስ በተማሪነቱ ያልተጻፈ ጥያቄ መጠየቅ የተፈቀደለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የአርትስ ፋኩልቲ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የሌላውን ጉድፍ ቈጥረን የራሳችንን ብናልፍ አንታመንም። መምህር መጽሐፉን የከደነው ካርታው ስላዘዘው ብቻ አይደለም፤ እኛ ስለጠየቅነውም ነው። «ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» የሚለውን ቃል ከሚኒስቴር የመጣ ሰው አልተናገረውም። ከፈተና ውጭ የሚያስተምረንን መምህር «ጊዜ ያባክናል» ብለን በግምገማው ወረቀት ላይ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠነው እኛ ነን። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በስልክ እየተቀባበልን ስንሸመድድ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ መጽሐፍ ያላወረድን እኛ ነን። ነፃነትን ሊሰጡን ቢፈልጉ እንኳ የማንፈልገው ከሆነ ማን ያስገድደናል?

የመውጫ ፈተናውን እንፈተናለን፤ ለማለፍም እናጠናለን። ቤተሰቦቻችን የሚጠብቁን ስለሆነ መውደቅን እንደ ጀግንነት አንቈጥርም። ነገር ግን በሚመጣው መንፈቀ ዓመት ከየክፍሉ ቢያንስ አንድ እጅ ተነሥቶ ብሉ ፕሪንቱ ላይ የሌለ ጥያቄ እንዲጠይቅ፣ የቀረነውም ያንን እጅ እንዳናሳፍር እንስማማ። ጉዱ ካሳ በእርግጥ እብድ ነበርን? የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። መምህራችን የከደኑትን መጽሐፍ እንደገና እንዲከፍቱልን ሄደን ለመጠየቅ ወስነናል፤ የምትከተሉን ካላችሁ ቦታው ያው የቀድሞው ክፍል ነው።